ቁልቁለት ላይ ሳር ከማጨድ መሬት የሚሸፍን ጽጌረዳ ብተክልስ? (ሜሪላንድ)

ሳባ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ከመንገዱ ከፍ ይላል። ከበረንዳው እስከ እግረኛ መንገዱ ድረስ ያለው መሬት ቁልቁለት ነው። ርዝመቱ 30 ጫማ፣ ወርዱ 8 ጫማ ገደማ ይሆናል። አሁን ያለበት ሳር ነው። ባለቤቴ ማጨጃውን ይዞ እዚያ ላይ በወጣ ቁጥር ነፍሴ ትጨነቃለች፣ ዝናብ ዘንቦ ከሆነማ እግር አይቆምበትም።

ሳሩን አስወግጄ መሬት ላይ ተንጣሎ የሚያድገውን የጽጌረዳ ዓይነት ልተክል አስቤያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። አፈሩ ሸክላ ነው፣ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ማጣበቂያ። አንድ የግቢ ሥራ የሚሠራ ሰው ጠርተን ነበር። «ሳሩን አትንኩት፣ እዚያው ላይ ጉድጓድ ቆፍረን እንተክለዋለን፣ ጽጌረዳው ራሱ አድጎ ሳሩን ያጠፋዋል» አለን። የጠየቀን ገንዘብ ትንሽ አይደለም። እውነት ጽጌረዳ ሳር ያጠፋል? የትኛውን ዓይነት ልግዛ? ስንት ያስፈልገኛል? አሁን ግንቦት ላይ ነን፣ ዘገየሁ ወይስ ገና ነው?

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

ሳባ ልጄ፣ ገንዘብሽን አትስጪው።

ጽጌረዳ ሳር አያጠፋም። ይህን ነገር ብዙ ሰው ይሳሳተዋል፣ ስሙ «መሬት ሸፋኝ» ስለሆነ እንደ ምንጣፍ ጥቅጥቅ ብሎ የሚተኛ ይመስለዋል። ጠጋ ብለሽ ስታይው ግን እሾሃማ ቅርንጫፎች ቀስት እየሠሩ ወደ ጎን የሚዘረጉበት ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። በቅርንጫፎቹ መሃል ብርሃን ይገባል። በተለይ በብርዱ ወራት ቅጠሉ ሲረግፍ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። አረም ደግሞ የሚፈልገው ይህንን ነው። ሳር ከሥሩ ከተነሳ በኋላ እጅሽን እሾህ ውስጥ አስገብተሽ ትነቅያለሽ፣ ግማሹ ይበጠሳል፣ ሥሩ እዚያው ይቀራል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ማጨጃም አይገባልሽም።

እንግዲህ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ይህ ተክል ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ድካሙ ከመትከል በፊት ነው ያለው። መሬቱን አጽድተሽ ከተከልሽ ለብዙ ዓመት ታርፊያለሽ። ሳታጸጂ ከተከልሽ ግን በየዓመቱ ታለቅሻለሽ።

ሳሩ ምን ዓይነት እንደሆነ እስቲ ጎንበስ ብለሽ እይው። መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ አናቱ ላይ እንደ ጣት የተከፈለ ዘር የሚያወጣ፣ በብርድ ጊዜ ገለባ መስሎ የሚደርቅ ከሆነ እሱ ሰርዶ ነው፤ አገር ቤት የምናውቀው ያው ሰርዶ። እሱ ከሆነ ብዙ የምነግርሽ አለኝ።

ሳባ_ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ወጥቼ አየሁት። ከላይ በኩል ያለው ተራ ሳር ነው። ከታች ወደ እግረኛ መንገዱ ያለው ግን ያሉት ነው፣ ሰርዶ ነው። ስስበው እንደ ገመድ ተጎትቶ መጣ።

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

እንደ ፈራሁት። ተራውን ሳር ካርቶን ይገድለዋል። የዕቃ መያዣ ካርቶን ሰብስቢ፣ ፕላስተሩን ላጪ፣ ጠርዝ በጠርዝ ደራርበሽ አንጥፊ፣ በውሃ አርሺው፣ ከላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ፣ እዚህ መልች የሚሉትን፣ ደፊበት። ቁልቁለት ስለሆነ በሽቦ ካስማ ካልያዝሽው መጀመሪያ የመጣው ዶፍ ጠራርጎ ጎረቤት ያደርሰዋል።

ሰርዶን ግን ካርቶን አያሸንፈውም። ከሥር ሄዶ ሄዶ በሌላ በኩል ይወጣል። ለእሱ የሚሻለው በጋ ላይ በፀሐይ ማብሰል ነው። ሰኔ ሲገባ፣ የፈረንጆቹን ጁን ማለቴ ነው፣ አጭደሽ መሬቱን በደንብ አጠጪ፣ ከዚያ እንደ መስታወት ጥርት ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ዘርጊበትና ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ቅበሪው። ጥቁር ሳይሆን ብርሃን የሚያሳልፈው ነው የሚሻለው፣ ሙቀቱን ወደ አፈሩ የሚያስገባው እሱ ነው። ስድስት ሳምንት ቢያንስ ይቆይ፣ ስምንት ቢሆን ይመረጣል። ቁልቁለትሽ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ስለሆነ ይሠራል። ከዚያ በኋላም የተረፈ ሥር ይኖራል፣ ሲያቆጠቁጥ እያየሽ በዶማ ታወጪዋለሽ። መድኃኒት የሚረጭ ሰውም አለ፣ ከመረጥሽ ሳሩ አረንጓዴ ሆኖ በሚያድግበት ሰዓት ነው የሚረጨው፣ በብርድ ደርቆ እያለ መርጨት ብር መጣል ነው።

ስለዚህ ዘገየሽ ወይስ ገና ነው ላልሽው፣ ለማጽዳት ልክ ሰዓቱ ነው። ተከላው ሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ይሁን። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ አፈሩ ግን ገና ሙቅ ነው፣ ሥሩ ሳይቸኩል ይይዛል። አሁን ግንቦት ላይ ብትተክዪው የጁላይ ሙቀት ገና ሥሩ ሳይጠና ይደርስበታል፣ በየቀኑ ውሃ ስታመላልሺ ነው የምትከርሚው።

ዳዊት_ቦዊ

እኔ የሌላውን ወገን ልናገር። እኛ ቤት ፊት ለፊት የነበሩትን በሙሉ ነቅዬ ጥያቸዋለሁ። ምክንያቱ አረም አይደለም፣ በሽታ ነው። ሮዝ ሮዜት ይሉታል። ሳባ ይህን ሳታውቂ እንዳትገዢ።

ምልክቱን አንዴ ካየሽው አትረሺውም። ከአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀይ ቀጭን ለጋ ብዙ ሆኖ ይበቅላል፣ እንደ መጥረጊያ። ቅጠሉ ይጨማደዳል። እሾሁ ከመጠን በላይ ይበዛል፣ ለስላሳና ተቀራርቦ ግንዱን ያለብሰዋል። አበባው ሳይፈታ ተኮራምቶ ይቀራል። መድኃኒት የለውም። አንዱ ላይ ባየሁት ወቅት ቆርጬ ላድነው ብዬ ነበር፣ ከዚያ ጎረቤቱ ያዘው፣ ከዚያ ሌላው። ተጠጋግተው ተተክለው ስለነበር እየተላለፈ ሄደ።

አበባ እወዳለሁ ግን ይህን ያህል ካሬ ቦታ በአንድ ተክል መሙላት ልቤን አይሞላውም።

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

ዳዊት ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ እዚህ አካባቢ ጽጌረዳ የሚተክል ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ትንሽ ልጨምርበት።

በሽታው ቫይረስ ነው። ቫይረስ መሆኑ በእርግጠኝነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው እንጂ በሽታው ራሱ ከዚያ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ነበር። ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሰው በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ተባይ ነው። ክንፍ የለውም፣ ነፋስ ነው የሚወስደው። የበሽታው ትልቁ መደበቂያ በየመንገዱ ዳርና በየጫካው ጫፍ የሚታየው ነጭ አበባ ያለው የዱር ጽጌረዳ ነው። ማልቲፍሎራ ይባላል። ከእስያ የመጣ ነው። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አፈር እንዳይሸረሸር፣ ለከብት አጥር እንዲሆን ብሎ ገበሬው እንዲተክለው ያበረታታ ነበር። አሁን ወራሪ ሆኖ አስቸግሯል።

ስለዚህ ሳባ፣ መጀመሪያ ከግቢሽ ጀርባና ከአጥሩ ባሻገር ይህ ዱር ጽጌረዳ እንዳለ እይ። ካለና ማስወገድ ከቻልሽ አስወግጂ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ካለ ይበልጥ ያሰጋል።

ሌላው፣ ቀይ ለጋ ያየሽ ሁሉ አትደንግጪ። ብዙ ጽጌረዳ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቀይ ነው፣ በኋላ አረንጓዴ ይሆናል። የሚያሳስበው ቀዩ ሳይለወጥ ሲቆይና ከተጨማደደ ቅጠልና ከበዛ እሾህ ጋር ሲመጣ ነው። እንዲያ ካየሽ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማዳን የሚባል ነገር የለም። ሙሉውን ከነሥሩ አውጪው፣ እዚያው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተሽ እሰሪው፣ ግቢ ውስጥ እየጎተትሽ አትውሰጂው። ቅጠል መንፊያ ማሽንም አጠገቡ አታስነሺ፣ ተባዩን ለሌላው ማካፈል ነው።

የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል ሁለት ሦስተኛውን መግረዝም ይረዳል፣ ተባዩ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሚከርም አብሮ ይወገዳል።

ጽጌ_ፍራንክፈርት

ሰላም ከጀርመን። እዚህ አገር ይህ ዓይነት ጽጌረዳ በየአደባባዩና በየመኪና ማቆሚያው አለ። በጣም የታወቀው ሮዝ ቀለም ያለው ሃይደትራውም ነው። ያወጣው ቨርነር ኖአክ የሚባል ጀርመናዊ አዳቃይ ነው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ። አሜሪካ ውስጥ ፍላወር ካርፔት በሚል ስም የሚሸጠው ሮዙ እሱ ነው፣ ስለዚህ ሳባ አንቺ ጋም ታገኚዋለሽ። አበባው ትንንሽ ነው፣ በዛላ በዛላ ይወጣል፣ ከሰኔ እስከ ብርድ ድረስ አያቆምም። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ እሱ ነው ጉድለቱ።

እኔ ስገዛ የማየው አዴአር የሚለውን ምልክት ነው። አዲስ የወጡ ጽጌረዳዎች አገሪቱ ውስጥ 11 ቦታ ላይ ለሦስት ዓመት ተተክለው ምንም መድኃኒት ሳይረጭባቸው ይፈተናሉ። ቅጠላቸው ካልታመመ፣ ብርዱን ከቻሉ፣ አበባቸውም ጥሩ ከሆነ ምልክቱን ያገኛሉ። በሻጩ ፎቶ ከመታለል ይህ በጣም ይሻላል።

ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እዚህ በካሬ ሜትር 2 ወይም 3 ነው የምንተክለው፣ ቶሎ ገጥሞ አፈሩን እንዲጋርድ። እናንተ ተጠጋግቶ ተተክሎ በሽታ አለፈ ትላላችሁ። አራርቃ ብትተክል ክፍተቱን አረም አይሞላውም?

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

ጽጌ እህቴ፣ ጥያቄሽ የዚህ ውይይት ዋናው ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሮዝ ሮዜት አውሮፓ ውስጥ የለም። እናንተ ጋ አጠጋግቶ መትከል ጥቅም ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን አጠጋግቶ መትከል ለአረም መድኃኒት፣ ለበሽታ ድልድይ ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ጽጌረዳውን በቡድን እተክላለሁ። አምስት ወይም ስድስት አንድ ላይ፣ ከዚያ ሌላ ተክል መሃል፣ ከዚያ እንደገና ጽጌረዳ። መሃሉ ላይ የሚገባው ቁመቱ አጭር የሆነ፣ ሥሩ አፈር የሚይዝ ነገር ይሁን። ላቬንደር፣ ካትሚንት፣ ተሳቢው ፍሎክስ፣ ሁሉም ፀሐይ ይወዳሉ። አንዱ ቡድን ቢታመም ሌላው ይተርፋል፣ ለዓይንም ከአንድ ወጥ ሮዝ ይልቅ ያምራል። በቡድኑ ውስጥ ደግሞ ሲያድጉ ጫፋቸው እምብዛም እንዳይነካካ አድርጌ ነው የማራርቀው። ክፍተቱን የሚሸፍነው ጽጌረዳው ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ኢንች መልች ነው። መልቹን ግንዱ ላይ አትከምሪ፣ ዙሪያውን ትንሽ ክፍት ተዪለት።

ዳዊት፣ አንተም እንዲህ ብታደርገው የምትወደውን ሳታጣ የምትኖር ይመስለኛል።

ዳዊት_ቦዊ

በቡድን ከሆነ አዎ፣ ይሄ ያሳምነኛል።

ሳባ_ሲልቨርስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነው የተማርኩት። የዱር ጽጌረዳውን ፈልጌ ነበር፣ ከጀርባ ካለው ጫካ ጫፍ አንድ ትልቅ አለ፣ የካውንቲው መሬት መሰለኝ፣ እደውላለሁ።

አሁን ምርጫው ላይ እርዱኝ። ሱቅ ውስጥ ሦስት ስም ነው የማየው፣ ድሪፍት፣ ፍላወር ካርፔት፣ ኖክአውት። እናቴ ደግሞ በስልክ «ቀይ ይሁን» ብላለች።

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

ኖክአውትን ተዪው፣ ለዚህ ቦታ አይደለም። ጠንካራ ተክል ነው፣ ግን ሦስት አራት ጫማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለአጥር ይሁን፣ መሬት ለመሸፈን አልተፈጠረም።

ድሪፍት የፈረንሳዩ ሜይላንድ ቤት ሥራ ነው። መሬት ሸፋኙን ከትንንሾቹ ጽጌረዳዎች ጋር አዳቅለው ነው ያወጡት። ቁመቱ አንድ ጫማ ተኩል፣ ስፋቱ ሁለት ጫማ ተኩል ገደማ። ለእግረኛ መንገድ ዳር እሱን እመርጣለሁ፣ የሰው ልብስ አይዝም። ፍላወር ካርፔት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሰፋም ይላል፣ ሦስት ጫማ ስጪው። ለቁልቁለቱ የላይኛው ክፍል ጥሩ ነው። እናትሽ ቀይ ካሉ ሁለቱም ቀይ አላቸው።

የድሮ ሰው ነኝና አንድ ልጨምር፣ ዘ ፌሪ። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣ ነው። ሮዝ ነው፣ ከሌሎቹ ዘግይቶ ያብባል፣ ግን ከጀመረ በኋላ እስከ ውርጭ አይታክትም። ከቁራጭ በቀላሉ ይበቅላል። የፈጠራ መብት ጥያቄም የለበትም፣ ከጓደኛ ቅርንጫፍ ተቀብለሽ ማብዛት ትችያለሽ።

ስንት ላልሽው፣ 30 በ8 ማለት 240 ካሬ ጫማ ነው። ሁሉንም በድሪፍት ብትሞዪ በሁለት ጫማ ተኩል ርቀት 38 ገደማ ይፈልጋል። በፍላወር ካርፔት በሦስት ጫማ 27 ገደማ። መሃል መሃሉን በሌላ ተክል ስለምትሞዪ ከዚህ ግማሹ ይበቃሻል። አንዴ ሁሉንም መግዛት ግድ የለም፣ የታችኛውን ግማሽ ዘንድሮ፣ የላይኛውን በሚመጣው ዓመት።

ስትገዢ በራሱ ሥር የበቀለ መሆኑን ጠይቂ። በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለ ከሆነ ብርድ ከላይ ቢገድለው ከሥር የሚወጣው የማታውቂው ጽጌረዳ ነው። በራሱ ሥር ከሆነ ግን ከላይ ቢሞትም ከታች ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

የሲኤምሲው_ልጅ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ጋሼ በደንብ ነው የሚያስረዱት፣ እግረ መንገዴን የእኛን ሁኔታ ልጠይቅ። እኛ ጋ ውርጭ እምብዛም ስለሌለ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አይጥልም፣ ያብባል። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይይዘዋል፣ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። መሬት ላይ የተኛ ዓይነት ደግሞ ጭቃ ይረጭበታል፣ ይብሳል። በበጋ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው።

ችግኝ ሻጮቹ ጋ ስትሄድ ስም የለም። «ቀዩ ይሻልሃል ወይስ ሮዙ?» ነው የሚሉህ። ዝቅ ብሎ የሚሳበውን በዓይኔ ለይቼ ነው የምገዛው፣ ቅርንጫፉ ከሳጠራው ውጭ የተንጠለጠለውን። ለጥቁር አፈር የሚሆን ምክር ካለዎት ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው የሚፈጥረው።

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

ወንድሜ፣ ጥቁር አፈር ላይ ጽጌረዳን ጉድጓድ ውስጥ አትክተተው። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ያቁርና ሥሩ ይበሰብሳል። መደቡን ከፍ አድርግ፣ አንድ ክንድ ያህል፣ የበሰበሰ ፍግና ቀይ አፈር ቀላቅለህ። ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ አውጣ። ጉዝጓዝ ደግሞ ለአንተ ከእኛ ይልቅ ይጠቅምሃል። የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ሳር፣ ያገኘኸውን ሁሉ አልብሰው። በክረምት ጭቃው ወደ ቅጠል እንዳይረጭ ያደርጋል፣ በበጋ ስንጥቁን ይከላከላል፣ የፈረቃውን ውሃ ይይዝልሃል።

ነጠብጣብ የያዘውን የረገፈ ቅጠል እዚያው አትተወው፣ ለቅመህ አቃጥል ወይም አርቀህ ቅበር። በሽታው ከመሬት ነው እንደገና የሚነሳው። ውሃ ስታጠጣ በማለዳ፣ ከሥሩ ብቻ፣ ቅጠሉን ሳትነካ።

የሲኤምሲው_ልጅ

አመሰግናለሁ ጋሼ። እኔ ደግሞ አንድ የማውቀውን ልናገር፣ ለአገር ቤት ሰው ይጠቅማል። ነሐሴ መግቢያ ላይ የገረዝከው ጽጌረዳ ልክ ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ መስከረም 26 አካባቢ፣ አበባው ይደርሳል። ዝናቡም እያባራ ስለሆነ አበባው ሳይበሰብስ ይፈታል። እናቴ ግቢ ያለውን ሁልጊዜ በዚያ ስሌት ነው የምገርዝላት፣ ለቤተ ክርስቲያን ቆርጣ ትወስዳለች። ዝቅ ያለው ዓይነት ዛላው ብዙ ስለሆነ ለዕቅፍ ባይሆንም ለመበተን አንደኛ ነው።

ጽጌ_ፍራንክፈርት

ይሄን አላውቅም ነበር፣ ደስ አለኝ። እዚህ መስከረም 26 ማለት ኦክቶበር 6 ነው፣ አበባው ሊያልቅ ነው፣ ግን ሃይደትራውም ያኔም ጥቂት አያጣም።

ስለ ቀጋስ ምን ትላላችሁ? አያቴ ቤት አጥሩ ቀጋ ነበር፣ ፍሬውን ለቅመን እንበላ ነበር። የራሳችን ጽጌረዳ እያለን ቁልቁለት ለመያዝ ለምን አንተክለውም?

የሲኤምሲው_ልጅ

ቀጋ ትልቅ ነገር ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ደጋውን፣ ድንጋዩን፣ ድርቁን ይችላል፣ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ፍሬው ይበላል። ግን ለግቢ መሬት ሸፋኝ አይሆንም። ዛፍ ካገኘ ይንጠላጠላል፣ ካላገኘ ከሰው ቁመት በላይ ጉብታ ይሠራል፣ እሾሁም ወደ ኋላ የተቆለመመ ስለሆነ አንዴ ከያዘ አይለቅም። አበባውም ወቅት ጠብቆ ነው እንጂ እንደነዚህ አይደጋግምም። ገጠር ቦታ ላለው ሰው፣ ቦረቦር ዳር፣ አጥር ላይ፣ እዚያ ንጉሥ ነው። ተዳፋት መሬት ያለው ዘመድ ካለሽ ለእሱ ንገሪው።

ብርቱካን_ረሆቮት

ሳባ፣ ማንም ስለ ውሃ አላነሳም፣ ቁልቁለት ላይ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። በጎማ ከላይ ብታጠጪ ግማሹ ወርዶ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሸክላ አፈር ቶሎ አይመጥም። እዚህ እስራኤል ሁሉም ግቢ ማለት ይቻላል የጠብታ ቱቦ አለው። ቱቦውን በቁልቁለቱ አግድም፣ ወደ ጎን ዘርጊው እንጂ ከላይ ወደ ታች አታውርጂው፤ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ታችኛው ተክል ይሰምጣል ላይኛው ይጠማል። ከተክሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይለፍ፣ ከመልቹ ሥር ይሁን። ረጅም ሰዓት፣ ቀስ ብሎ፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ሥሩን ሰነፍ ያደርገዋል። ቅጠሉም ስለማይረጥብ ያ ነጠብጣብ የሚሉት በሽታ ይቀንሳል።

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

ብርቱካን ተባረኪ፣ ሊያመልጠኝ ነበር። አተካከሉንም ልንገርሽ ሳባ።

ከመቆፈርሽ በፊት 811 ደውዪ። ነፃ ነው። መጥተው የጋዝና የመብራት መስመር የት እንዳለ በቀለም ያሳዩሻል። ከቤት ወደ መንገድ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመር የሚያልፍበት ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ተክል ትንሽ እርከን ሥሪለት። አገር ቤት ገበሬው ተዳፋት ላይ የሚሠራው ያው ነው፣ በትንሹ። ከላይ በኩል ቆርጠሽ አፈሩን ወደ ታች በኩል ጎትቺ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ክትር ይሁን፣ ውሃው ቆም ብሎ እንዲመጥ። ተክሉ የሚቀመጠው እዚያ ጠፍጣፋው ላይ ነው። ረድፉን አታስተካክዪው፣ አንዱ ከሌላው ክፍተት ፊት ይሁን፣ የሚወርደው ውሃ ቀጥ ያለ መንገድ እንዳያገኝ።

ሸክላው ላይ ጉድጓዱን ብቻ በኮምፖስት አትሙዪ። ሥሩ ከለመደው ለስላሳ አይወጣም፣ ውሃም እዚያ ይጠራቀማል። ኮምፖስቱን በሰፊው በትኚና ከነባሩ አፈር ጋር አዋህጂው። ሥሩ የተሸጠበትን ዕቃ ውስጡን ዞሮ ዞሮ ከሆነ በጣትሽ ፍቺው። የመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያ አትጣዪ።

ሁለት ነገር በጋ ላይ ይመጣብሻል። አንዱ የጃፓን ጥንዚዛ ነው፣ ጁን መጨረሻና ጁላይ ላይ፣ ጀርባው መዳብ የሚመስል። ጠዋት ገና ቀዝቀዝ ሳለ ይደነዝዛል፣ ሳሙና ያለበት ውሃ ይዘሽ ሂጂና አራግፊው። ወጥመድ የሚባለውን አትግዢ፣ የሰፈሩን ሁሉ ይጠራልሻል። ሌላው አጋዘን ነው። ጽጌረዳ ይወዳል፣ እንቡጡን ይበላል። የሚረጭ የሚሸት ነገር አለ፣ ከዝናብ በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ተክሉ ገና ለጋ ሳለ መረብ ብታደርጊበት ይሻላል።

ሳባ_ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ለሰውየው «አይ» ብለናል። ፕላስቲኩን ጁን መጀመሪያ እንዘረጋለን፣ ላይኛው በኩል ካርቶን። መኸር ላይ የታችኛውን ግማሽ ብቻ እንተክላለን፣ ከመንገዱ ዳር ቀይ ድሪፍት በሦስት ቡድን፣ መሃል መሃሉን ካትሚንት። ዘ ፌሪን ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ቅርንጫፍ አገኛለሁ፣ እሱ ለሚመጣው ዓመት።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ መግረዙ ያስፈራኛል። እንደ ትልቁ ጽጌረዳ ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ዓይን፣ ለጋ የሚወጣበትን ማለቴ ነው፣ እየቆጠሩ ነው?

የአሌክሳንድሪያው_አትክልተኛ

አይደለም። የዚህ ተክል ደስታው እሱ ነው። ፎርሲቲያ የምትባለው ቁጥቋጦ ቢጫ አበባዋን ስታወጣ፣ ማርች አካባቢ፣ የአጥር መቀስ ይዘሽ ወጥተሽ ሁሉንም ወደ አንድ ሦስተኛው አሳጥሪው። ዓይን አይቆጠርም። የሞተውንና እርስ በርሱ የተሻገረውን ቅርንጫፍ ብቻ ለብቻው አውጪ። የመጀመሪያው ማርች ላይ ግን ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ ገና ሥር እየሰደደ ነው። የረገፈውንም አበባ መልቀም አያስፈልግም፣ ራሱ ይጥለዋል። ጓንትሽ ግን እስከ ክርንሽ የሚደርስ የቆዳ ይሁን፣ የጨርቁን እሾሁ ያልፈዋል።

ከጓደኛሽ ቅርንጫፍ ስትወስጂ አበባው የረገፈበትን ምረጪ፣ የእርሳስ ያህል ውፍረት፣ ስድስት ኢንች ርዝመት፣ ላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ትተሽ። ከመቁረጥሽ በፊት ግን ተክሏን ዙሪያውን አገላብጠሽ እያት፣ ያ ዳዊት ያለው ቀይ መጥረጊያ እንዳለባት። ካለባት ቅርንጫፉን አትውሰጂ፣ ለእሷም ንገሪያት።

ዳዊት_ቦዊ

ሳባ፣ እኔ ካርቶን ብዙ አለኝ፣ ጋራዥ ውስጥ ቦታ ይዞብኛል። በመልእክት ሳጥን ጻፊልኝና ቅዳሜ አመጣልሻለሁ። የሽቦ ካስማም ተርፎኛል።